ማንኪያ የጎረሰችው ዓሣ

«በዚህ ነፋስ ወደዚያ ቅዘፍ የሚል ሰው ወይ ዓሣ አያውቅም፣ ወይ ቀዛፊውን አይወድም» አለ ኒሎ።

«ሁለተኛው ነው» አለችው ሳይማ። «ቅዘፍ።»

ኒሎ እያጉረመረመ ቀዘፈ። ሰማዩ እንዳልታጠበ ድስት ግራጫ ነው። ማዕበሉ የጀልባዋን ጎን በጥፊ ይላል፤ በየጥፊውም ከኒሎ አንገት ተነስቶ ወገቡ ድረስ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ይልካል። መስከረም ከገባ ገና ሳምንቱ ነው። በሐይቁ ዳር ያሉት ዛፎች ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ቢጫ ሆኗል፤ በጋው ሄደ፣ አልሄደም ብለው እርስ በርስ የሚከራከሩ ይመስላሉ።

የመንደሩ የታዳጊዎች ውድድር ሕጉ አጭር ነው። ከሁለት ቤት የመጡ ሁለት ልጆች በዕጣ አንድ ጀልባ ላይ ይወጣሉ። አንዱ ሁለት ሰዓት ያጠምዳል፣ ሌላው ይቀዝፋል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ቀዛፊው ምስክርም ነው። ዓሣዋ መለኪያው ሳንቃ ላይ ስትጋደም ፎቶ ያነሳል፣ ርዝመቷን ካርድ ላይ ጽፎ ይፈርማል፣ ዓሣዋም ወደ ውሃዋ ትመለሳለች። የሚቆጠረው ፓይክ ብቻ ነው፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ጥርሷ ብዙ፣ ስትታይ የአዞ የእህት ልጅ የምትመስለው ዓሣ። ረጅሟን ያወጣ ልጅ፣ ሐይቁ በረዶ እስኪለብስ ድረስ የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ አረንጓዴ ጀልባ የእሱ ናት።

ሳይማ ያችን ጀልባ ማለም ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ሦስቱንም ዓመት ያሸነፈው ኒሎ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ዕጣው ከማን ጋር ቢጥላት ጥሩ ነው? ከኒሎ ጋር። እሱ በተራው ስልሳ ስድስት ሳንቲሜትር አውጥቶ ካርዱን አስሞልቷል፤ አሁን የእሷ ሁለት ሰዓት እስኪያልቅ እየጠበቀ ነው።

«ከደሴቲቱ ጀርባ ጸጥ ያለ ጥግ አለ» አለ። «ውሃው መስታወት ነው። ፀጉሬም አይበላሽም።»

«ጸጥ ያለ ጥግ ለፀጉር ነው። ነፋሱ ሦስት ቀን ሙሉ ወደዚህ ዳር ሲነፍስ ሰንብቷል፤ ትንንሾቹን ዓሦች እየገፋ እዚህ አጉሯቸዋል። ትንንሾቹ ካሉ እሷም አለች።»

«እሺ፣ ይኸው ሣር። ወርውሪና እንገላገል።»

«ይሄ ቢጫ ሆኗል። የሚበሰብስ ሣር ውስጥ ዓሣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጥሎት ይወጣል። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፈልግ፤ ከእሱ ቀጥሎ ውሃው ዝቅ የሚልበትን ጫፍ።»

«አቦ፣ ማነው ይሄን ሁሉ ያስጠናሽ?»

«አባባ።»

ኒሎ ሳቅ አፍኖት አንዱን መቅዘፊያ ሊለቀው ምንም አልቀረው።

አይፈረድበትም። የሳይማ አያት ታውኖ ለሦስት መንደር ተርፎ ለአራተኛው የሚበቃ ውሸት ያላቸው ሰው ናቸው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የታውኖ ውሸት ግን እያደር ኪሎ የሚጨምር ዓይነት ነው። ባለፈው መስከረም ከሠርጋቸው ማንኪያዎች አንዱን አንስተው እጀታውን ቆረጡ፣ ቀዳዳ አበጅተው መንጠቆ አሰሩበት፣ ውሃ ውስጥ እያብለጨለጨ ዓሣ የሚያታልል ነገር አደረጉት። አንዲት ፓይክ ጎረሰችው፣ ክሩን በጠሰች፣ ማንኪያውን ይዛ ሄደች። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በመንደሩ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ በሳውናው ውስጥ፣ ሲያወሩ ዓሣዋ አንድ ሜትር ነበረች። በገና ሰሞን አንድ ሜትር ከሃያ ደረሰች፣ ቅንድብም አበቀለች። ሐይቁ በረዶ ለብሶ ሲሰነጠቅ «እሷ ናት፣ ጎኗን ለውጣ ልትተኛ ነው» አሉ። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ያን ቀን ጀልባቸውን እየጎተተች ደሴቲቱን ሦስት ጊዜ እንዳዞረቻቸው ትዝ አላቸው፤ በሦስተኛው ዙር መንገዱን ስለለመዱት ትንሽ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። በሰኔ የማኅበሩ ሰዎች ዓሣዋን ከእንጨት ጠርበው የጀልባ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። ርዝመቷ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት። እዚያ ላይ የቆመችው ሳንቃው ስላለቀ ብቻ ነው።

ሳይማ ግን ሌላም ነገር ታውቃለች። ሴት አያቷ አይኖ ከሞቱ በኋላ ታውኖ አንድ ዓመት ሙሉ አልተናገሩም። ታመው አይደለም፤ የሚናገሩለት ሰው ጠፍቶባቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውና ይገባሉ፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ያፈሳሉ፣ ወጥተው ይሄዳሉ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ሳይማ በረንዳው ላይ ማገዶ ስትደረድር፣ ከውስጥ የአያቷን ድምፅ ሰማች። «ዛሬ አንዲት ዓሣ የአይኖን ማንኪያ ይዛ ሄደች» አሉ። ቆይቶ አንድ ሰው «ትልቅ ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። ጉዱ ሁሉ የጀመረው ከዚያች ጥያቄ ነው።

ስለ ቦታውም ዋሽተዋል። «ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው ጥልቁ ውሃ ውስጥ ነው» ብለው ለመንደሩ አውጀው፣ ሰው ሁሉ እዚያ ሲያጠምድ ከርሞ ጉንፋን ይዞ ተመልሷል። ለሳይማ ብቻ እውነቱን በጆሮዋ ነግረዋታል፤ ነፋስ የሚመታው ዳር፣ የአረንጓዴው ሣር ጫፍ፣ ፀሐይ የሌለበት ቀን። ታውኖ ስለ ዓሣ ቁመት እንጂ ስለ ዓሣ ጠባይ ዋሽተዋት አያውቁም።

«እዚህ አቁም» አለች ሳይማ።

ወረወረች። ክሩን ቀስ ብላ ጠቀለለች፣ ቆም አለች፣ እንደገና ቀስ ብላ ጠቀለለች።

«እንደዚህ ከሄድሽ የገና በዓል ይደርስብናል» አለ ኒሎ። ከቦርሳው ጥቁር ዳቦ በአይብ አወጣ።

«ውሃው መቀዝቀዝ ጀምሯል። እሷም እንደ አንተ እየሰነፈች ነው፤ በሩጫ የሚያልፍባትን አታባርርም። አፏ ድረስ ማቅረብ ነው።»

«ሙድ መያዝሽ ነው?»

«ምክር ነው።»

ሃያ አንድ ጊዜ ወረወረች። ሃያ አንዴም ሣር፣ ሣር፣ አንዴ ደግሞ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ካልሲ ወጣ። በሃያ ሁለተኛው ክሩ ቆመ።

«ግንድ ነው» አለ ኒሎ አፉን በዳቦ ሞልቶ።

«ግንድ ራሱን አይነቀንቅም።»

የሳይማ ዘንግ እንደ ቀስት ጎበጠ። ዓሣዋ በጀልባዋ ሥር ሾልካ ወደ ሌላው ጎን ስትወጣ ሳይማ ኒሎን ተሻግራ ዞረች፤ ኒሎ አይቡ ላይ ተቀመጠ። ደግነቱ፣ ኒሎ ብዙ ጉድለት ቢኖርበትም መረብ ሲይዝ እጁ አይንቀጠቀጥም። አንዴ ሰደደው፣ ዓሣዋ ገባች።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ።

በዓሣዋ መንጋጋ ጥግ ላይ አንድ የጠቆረ ነገር ተንጠልጥሏል። ሳይማ በአውራ ጣቷ ጠረግ ስታደርገው አበራ። ማንኪያ ነው። ጀርባው ላይ ሁለት ፊደሎች ተቀርጸዋል፤ የአይኖና የታውኖ ስም መጀመሪያዎች፣ በመካከላቸው አንዲት ትንሽ አበባ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ። ሳይማ ከዘንዶ የባሰ ነገር ነበር ያወጣችው። እውነት አወጣች።

«ለካት» አለች ቀስ ብላ።

ኒሎ በእርጥቡ ሳንቃ ላይ አጋደማት። «ስልሳ ስምንት» አለ። ከዚያ ፊቱ ቀላ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ሳቁ ጀልባዋን ናጣት። «አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት! ሰባ አምስቱ ሳንቲሜትር የት ሄደ?»

«ሳውና ውስጥ ነው» አለች ሳይማ ሳታስበው፤ ራሷም ሳቀች። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«በዚያ ላይ ዓመት ሙሉ ስትበላ ከርማ» አለ ኒሎ እንባውን እየጠረገ። «ያኔማ ስልሳም አትሞላም ነበር። ደሴቲቱን ሦስት ጊዜ? ይቺ? ይቺ ባሊ አትጎትትም።» ስልኩን አወጣ። «ዞር በይ፣ ማንኪያው እንዲታይ ላንሳው።»

የሳይማ ሳቅ ቆመ። መዳፏን ስልኩ ላይ አደረገች።

«ቆይ። ውሃ ውስጥ እንመልሳት፣ እንዳትታፈን።»

ዓሣዋን ከነመረቡ በጀልባዋ ጎን ውሃ ውስጥ ያዙ። ሳይማ በፒንሳ ሁለቱንም መንጠቆዎች ነቀለች፤ ዓሣዋም ለምስጋና ሁለት ጣቷን በጥርሷ ቧጠጠቻት። ማንኪያው ኪሷ ገባ።

«አሁን አንሳት» አለች። «ዓሣዋን ብቻ። ስልሳ ስምንት ብለህ ጻፍ፣ እኔም አሸነፍኩ፣ አበቃ።»

ኒሎ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ።

«ምን ሆንክ?»

«ምስክር ነኝ እኮ። ከጻፍኩ ያየሁትን በሙሉ ነው የምጽፈው። ወይ ዓሣም ማንኪያም፣ ወይ ምንም።»

«አንተ? ባለፈው ሳምንት ለሒሳብ መምህሩ ላማችን ደብተሬን በላችው ያልከው?»

«እሱ የአፍ ነው። ይሄ ጽሑፍ ነው፣ ፊርማ አለው። በጽሑፍ ስዋሽ እጄን ያልበኛል።»

«ላም እንኳ የላችሁም።»

«ለዚህ ነው ያልተያዝኩት። የሚጠየቅ ላም የለም።»

«ምንም ካልጻፍክ ደግሞ አሸናፊው አንተ ነህ።»

«አዎ» አለ ኒሎ። «እሱን አልክድም። ደስም ይለኛል።» ከዚያ ትንሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፣ «ግን እኮ አያትሽን ማንም አያምናቸውም ሳይማ። ሁሉም ሰው ውሸት መሆኑን ያውቃል።»

«ማወቅ ሌላ፣ በሳንቲሜትር ማየት ሌላ።»

ሳይማ ወደ ውሃው አየች። አረንጓዴዋ ጀልባ ታየቻት፤ ያለማንም ፈቃድ፣ ያለማንም ቀዛፊ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ወደፈለጉት ደሴት። ቀጥሎ የጀልባ ቤቱ ግድግዳ ታያት፤ ከላይ የእንጨቷ ዓሣ፣ ከሥሯ ፎቶው፣ ከፎቶው ሥር በኒሎ የተንጋደደ ጽሑፍ «68»። ሰዎቹ በክፋት አይስቁም፤ ታውኖን ይወዷቸዋል። ይስቃሉ፣ ትከሻቸውን መታ መታ ያደርጓቸዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ታውኖ ሳውና ይገባሉ፣ ድንጋዩ ላይ ውሃ ያፈሳሉ፣ ወጥተው ይሄዳሉ።

«ሰዓትሽ ሊያልቅ ነው» አለ ኒሎ።

ሳይማ የመረቡን አፍ ወደ ታች ዘቀዘቀችው። ዓሣዋ ነጻ መውጣቷን ያላመነች ይመስል ትንሽ ባለችበት ቆየች። ከዚያ ጭራዋን አንድ ጊዜ ወዘወዘችና የነበረችበት ቦታ ባዶ ውሃ ሆነ።

ኒሎ ካርዱን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆይቶ «የለም» ብሎ ጻፈ። ፈረመ። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ኒሎ ወደ መንደሩ ቀዘፈ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ «ረቡዕ ረቡዕ ጀልባዋን መውሰድ ትችያለሽ» አለ።

«ምጽዋት አልፈልግም።»

«ምን ምጽዋት? ረቡዕ ፒያኖ አለብኝ።»

ዳር ሲደርሱ የዓሣ ሾርባው ድስት እየፈላ ነበር። የኒሎ ስም ሲጠራ ተጨበጨበ፤ ኒሎም አይብ የተለጠፈበትን ሱሪውን በጃኬቱ እየሸፈነ ወጥቶ እጅ ነሳ። «የሳይማስ?» ብሎ አንዱ ሲጠይቀው፣ «ነፋሱ ከባድ ነበር» አለ። እውነት ነው፤ ነፋሱ ከባድ ነበር።

ታውኖ እሳቱ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከውድድሩ በኋላ የዓሣዋን ታሪክ እንዲያወሩ ከጎረቤት መንደር ሳይቀር ሰው መጥቷል። ለዚህ ሲሉ አዲስ ኮፍያ አድርገዋል።

«ምንም አልያዝሽም አሉ?» አሏት።

«ካርዱ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እስቲ እጅሽን አምጪ።»

ሰጠቻቸው። ጣቶቿን ወደ እሳቱ ብርሃን አዙረው ጭረቶቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ይሄ የሸምበቆ ጭረት አይደለም» አሉ።

«አይደለም።»

«የት ነው?»

«ነፋሱ የሚመታው ዳር። አረንጓዴው ሣር ጫፍ ላይ።»

ታውኖ እጇን አልለቀቁም። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው «አባ ታውኖ፣ ሰው ተሰብስቧል፣ እንጀምር እንጂ!» ብሎ ተጣራ። ሽማግሌው የሰሙ አይመስሉም።

ሳይማ ልትሄድ ትችል ነበር። ሾርባ ልቅዳ ብላ ዞር ብትል፣ እሳቸው ተነስተው ያወራሉ፣ ሰው ይስቃል፣ ማንኪያውም ኪሷ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ሌላውን እጇን ኪሷ ከተተች። ብረቱ ከሰውነቷ ሙቀት ወስዶ ሞቋል። አውጥታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

ታውኖ ገለበጡት። በአውራ ጣታቸው ፊደሎቹን ዳበሱ፣ አበባዋን ዳበሱ፣ እንደገና ፊደሎቹን። አዲሱ ኮፍያ ዓይናቸውን ሸፍኖታል።

«እና…» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነው። «እና… ምን ያህል ነበረች?»

ሳይማ አግዳሚውን በእጇ ጠረገችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ትንሽ ጠጋ በልልኝ አባባ» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሃለሁ። ሳንቲሜትር ግን አትጠይቀኝ።»