የታጠበው መሰላል

አቶ ገረሱ የሞቱት በገዛ ግቢያቸው፣ ቤቴል ውስጥ፣ ከሰርቪስ ክፍሎቹ ሥር ባለው የልብስ ማጠቢያ ስሚንቶ ላይ ነው። አንድ እግራቸው ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ባዶውን ነው። ሰው የቱንም ያህል አስቸጋሪ ቢሆን፣ እንዲህ ወድቆ ሲያዩት አንጀት ይበላል።

ኢንስፔክተር ዊዳድ ሬሳውን አየችና ወደ ላይ ቀና አለች። ከአንደኛው ክፍል ጣሪያ ላይ ሁለት ቆርቆሮ ተነቅሏል። መዶሻው እዚያው ላይ ቀርቷል። አሸንዳው ተጣሞ ተንጠልጥሏል፤ የሟቹ መዳፍ ላይም የአሸንዳው ዝገት አለ።

«ጣሪያው የተነሳው ክፍል የማን ነው?»

«የኔ» አለች ሶፊ። ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን በላስቲክ ሸፍና ከበሩ ላይ ቆማለች።

አንዱ ፖሊስ ቸኮለ። «ኢንስፔክተር፣ ትናንት በሰው ፊት ‹እኔን ሜዳ ላይ ጥለው በሰላም አይኖሩም› ብላቸዋለች። ይዘናት እንሂድ?»

«ቆይ እስቲ። ጠቡ ምን ነበር፣ እህቴ?»

«የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀበሉኝ፤ ያውም ያለ ወረቀት። ሁለቱን ወር እንኳ ሳልኖር ጨምሮ የሚከፍል አገኙና ውጪ አሉኝ። ገንዘቤን ይመልሱልኝ ብላቸው ‹አልቋል› አሉኝ። አልወጣም ስል ደግሞ ጣሪያ ሊጠገን ነው አሉ።» እንባዋ መጣ። «አዎ፣ ተናግሬያለሁ። ምነው አፌን በቆረጠው!»

«ዛሬ የት ዋልሽ?»

«በጠዋት ወጥቼ ዘነበወርቅ፣ ሱቄ። ብቻዬን ነው የምሠራው። ማንም አላየኝም።»

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አልማዜ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ጥግ ተቀምጠዋል። ሶፊን ቀና ብለው አላዩም። ጎረቤታቸው አህመድ በጆግ ውኃ ይዞላቸው መጣ። ጠጡና፣ በዚያ ሐዘን መሃል ተነስተው ጆጉን ቧንቧው ሥር ያጥቡት ጀመር።

«ኧረ እትዬ አልማዜ፣ በፈጠረዎ! ይተዉት!»

«የሰው ዕቃ እኮ ነው» አሉ በቀስታ።

ዊዳድ ይህን አየች።

ሁለተኛው ተከራይ ጆሲ ሌሊት ታክሲ ነድቶ ቀን የሚተኛ ወጣት ነው። ዓይኑ አብጧል።

«ጣሪያውን ሲደበድቡ ነቅቼ ኢርፎን ሰካሁ።»

«ኢርፎኑን ሳትሰካስ የሰማኸው የለም?»

ጆሲ መሬት መሬቱን አየ። «‹አውርዱኝ› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አልወጣህም?»

«ኪራይ በዘገየሁ ቁጥር መብራት ይቆርጡብኝ ነበር። ትንሽ እላይ ይቀመጡ አልኩ። እንደውም ሳቅኩ።» ያበጠ ዓይኑን አሸ። «እኔ ምን አውቄ? ስቄ ተኛሁ።»

አህመድ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «መሰላሉ የኔ ነው። ረፋድ ላይ ጋሽ ገረሱ ራሳቸው መጥተው ወሰዱት። ከቀትሩ የዙህር ሰላት ስመለስ ከግድግዳዬ ጋር ተደግፎ አገኘሁት። ውኃ ያንጠባጥባል! ብዙም ሳይቆይ የእትዬን ጩኸት ሰማሁ።»

«ጋሽ ገረሱ የተዋሱትን ይመልሱ ነበር?»

«እሳቸው? ምን በወጣቸው! ሁሌም ሄጄ የማመጣው እኔ ነኝ። መሰላሉም ቢሆን ስሚንቶ እንጂ ውኃ ነክቶት አያውቅም።»

ዊዳድ ሄዳ መሰላሉን አገላብጣ አየችው። መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው፤ የመሰላሉ እግር ግን እስከ ሥሩ ተፈግፍጎ ነጥቷል።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁሉንም ግቢው መሃል ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ገረሱን የገፋቸው ሰው የለም» አለች። «መውረጃ ሲያጡ በአሸንዳው ሊንጠለጠሉ ሞከሩ፤ አልቻላቸውም። ዝገቱ መዳፋቸው ላይ ነው። ታዲያ መሰላሉን ማን ወሰደው? ሶፊ አይደለችም፤ መሰላሉ የመጣው እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ድንገት ተመልሳ ብታገኘው እንኳ የማን እንደሆነ አታውቅም። ጆሲም ወስዶት ቢሆን ኖሮ ‹አውርዱኝ› ማለታቸውን አይነግረኝም ነበር። ደግሞ ደጅ የቆመውን ጭቃማ ታክሲውን እንኳ ማጠብ የሰለቸው ልጅ መሰላል አያጥብም።»

ወደ ቧንቧው ጠቆመች።

«መጀመሪያ አሻራ ለማጥፋት መስሎኝ ነበር። አሻራ የሚያጠፋ ግን እጅ የነካውን ይጠርጋል እንጂ ከሥር ያለውን ጭቃ አይፈገፍግም። መሰላሉን ያጠበው ሰው፣ ሰው ይሞታል ብሎ አላሰበም። የጎረቤት ዕቃ ሳያጥብ መመለስ የሚያሳፍረው ሰው ነው።» ወደ ወይዘሮ አልማዜ ዞረች። «እትዬ፣ ልክ እንደ ጆጉ።»

ወይዘሮ አልማዜ ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ አነሱ።

«ከጠዋት ጀምሮ ለመንኩት» አሉ። «‹አስቀድማ የከፈለችንን በልተን እላይዋ ላይ ጣሪያ አናንሳ› አልኩት። ቤቴ የገባው ፍሪጅ በሷ ገንዘብ የተገዛ ነው። በከፈትኩት ቁጥር ዓይኔ ይሸሻል። አልሰማ ሲለኝ መሰላሉን አነሳሁበት። ጎረቤት ይጥራ፣ ሰው መጥቶ ሥራውን ይይበት፣ ይፈር ብዬ ነው። እሱ እላይ ሆኖ ይሰድበኛል፣ እኔ ቧንቧው ሥር እፈገፍጋለሁ። ለአህመድ አድርሼ ስመለስ…»

«ከዚያስ፣ እትዬ? ሶፊን ሊወስዷት ሲሉ ለምን ዝም አሉ?»

«ልናገር እልና አፌ አልከፈት ይለኛል።» ወደ ሶፊ ለመዞር ሞከሩ፤ አንገታቸው እንቢ አለ። «ልጄ፣ ሁለት ጊዜ በደልኩሽ።»

ሶፊ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች።

ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ተሰማ። ፖሊሱ ወይዘሮ አልማዜን ሊወስዳቸው ተጠጋ።

«አንዴ፣ እባካችሁ። ሳልሄድ ቆርቆሮዋ ይመለስላት።»

ዊዳድ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። አህመድ መሰላሉን አምጥቶ አስደገፈ። ለመውጣት የደፈረ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ያን ስሚንቶ እያየ ቆመ።

«እኔ ልውጣ» አለ ጆሲ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

ወይዘሮ አልማዜ ተራመዱና የመሰላሉን እግር በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«እትዬ ይልቀቁት፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለ አህመድ።

«የለም» አሉ። «እኔ ልያዝ።»

ሚስማሩ ሲመታ ዝናቡ ጀመረ። ነጠላቸው ራሰ። ጆሲ ወርዶ ሁለቱም እግሮቹ መሬት እስኪረግጡ ድረስ እጃቸውን ከመሰላሉ ላይ አላነሱም።