ሞተር የማያስፈልገው መብራት

ባለጋራዡ ሞቶ የተገኘው በደንበኛ መኪና ውስጥ፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ነው። የጋራዡ በር ግጥም ብሎ ተዘግቶ ነበር፤ ሞተሩ እየሠራ ቤቱን በጭስ አፍኖታል።

መርማሪው ሲደርስ አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። ዳሽቦርዱ ተፈቶ ሽቦው እንደ አንጀት ተዘርግፏል። ወንበሩ ወደ ኋላ ተጋድሟል። ከፔዳሎቹ አጠገብ አንድ ጥንድ ጫማ ተቀምጧል፤ ካልሲዎቹም በውስጡ ተጠቅልለዋል።

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ የጋራዡን ኤሌክትሪሺያን በካቴና አስሮታል። ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል፤ ለፖሊሱ ከዚያ ወዲያ ማሰብ ትርፍ ድካም ነው። መርማሪው ይህን ዓይነቱን ስንፍና ከሌብነት አሳንሶ አያየውም።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?» አለው።

«የሞተር ብልሽት በሚጠቁመው በቼክ ኢንጅን መብራት ነው፣ ጌታዬ። ቁልፉ ሲዞር አይበራም። እኔ ሽቦው ተቆርጧል አልኩ፤ እሳቸው አምፖሉ ነው የተቃጠለው አሉ። ፈተሹት፤ እሳቸው ልክ ነበሩ። በምሳ ሰዓት አምፖል ልገዛ ስወጣ እንደ ልማዳቸው ሸለብ ሊያደርጉ ወንበሩን አጋደሙ።»

«መኪናው እስከሄደ ድረስ መብራቱ ባይበራስ ምን አለበት?»

ኤሌክትሪሺያኑ ካቴናውን እስኪረሳ ድረስ በንቀት አየው። «የማይጮህ ውሻ ቤት ይጠብቃል?»

የመኪናው ባለቤት ነርስ ናት። «ቁልፉን ከፈት ሳደርግ ሌላው ሁሉ ሲበራ እሱ ብቻ ጨለመብኝ፤ ለዚያ ነው ያመጣሁት» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ተረኛ ነበርኩ። ሰው ገደልሽ ከምትሉኝ ስንት እንዳዳንኩ ሄዳችሁ ጠይቁ።»

ሦስተኛው ተጠያቂ የሟች ሚስት ወንድም ነው። አሥር ዓመት ላይኛው ቢሮ ተቀምጦ ጋራዡን በመስኮት ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ሠራተኞቹ «ከረባት» ይሉታል። መሬት ላይ የፈሰሰውን ዘይት በጫማው ጫፍ እየተሻገረ መጣ።

«ይህ ምን ያስመረምራል? ቅባት ለባሽ አሟሟቱ ይኸው ነው። በር ዘግቶ፣ ሞተር አስነስቶ ሲጎረጉር፣ ያንን የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን በእጁ እንደያዘ ጭሱ ጸጥ አደረገው። ወይም ያ እጀ ጥቁር ዘጋበት። ያም ሆነ ይህ የእነሱ ጉዳይ ነው።»

«ሞተሩን ለምን ያስነሳል?»

«የሞተር መብራት እኮ ነው፣ ሰውዬ። ሞተር ሳይነሳ በምን ይታያል?»

መርማሪው አመሰገነውና ወደ መበለቲቱ ሄደ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች።

«ምሳ ዕቃውን ልወስድ ስመጣ ነው ያገኘሁት» አለች። «ሞተሩን አጠፋሁ። ቴስተሩን ከእጁ አውጥቼ የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት፤ ዕቃ ቦታውን ሲለቅ አይወድም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የጮህኩት። አበደች እንዳልባል ለማንም አልተናገርኩም።»

«ወንድምዎ መቼ ደረሰ?»

«ሰፈርተኛው ሁሉ ከገባ በኋላ።»

«ከባለቤትዎ ጋር ጠብ ነበራቸው?»

አንገቷን ደፋች። «ትናንት ባሌ ጋራዡን ለኤሌክትሪሺያኑ እንደሚያስረክብ ነገረው። “ከእንግዲህ አለቃህ እሱ ነው” አለው። ወንድሜ እራቱን ሳይበላ ተነሣ።»

መርማሪው ሳጥኑን ከፈተ። የቴስተሩ መዞሪያ ዜሮ ላይ ነው፤ ጠፍቷል። ሁሉንም መኪናው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ይህን መብራት እንደምትፈትሹ ሆናችሁ አሳዩኝ» አላቸው።

ነርሷ ቁልፉን ግማሽ አዙራ ተወችው። የዘይቱና የባትሪው መብራት በሩ። ኤሌክትሪሺያኑ በታሰረ እጁ መጀመሪያ ቴስተሩን ከፈተ፤ ከዚያ እሱም ቁልፉን ግማሽ አዞረ። ከረባት መሀረብ አውጥቶ ቁልፉን በመሀረቡ ያዘና እስከ መጨረሻው አዞረው። ሞተሩ ጮኸ።

«ያጥፉት» አለ መርማሪው። «ይህ መብራት የሚፈተሸው ቁልፉ ግማሽ ዞሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ለዚያውም ብልሽቱ ታውቆ አምፖል ይጠበቅ ነበር እንጂ የሚፈተሽ ነገር አልቀረም። ካልሲውን ጠቅልሎ ጫማው ውስጥ የከተተ ሰው ደግሞ ተኝቷል እንጂ አይሠራም። ስለዚህ ሞተሩን ሌላ ሰው አስነሣ፤ በሩን ዘጋ። በሥራ ላይ የሞተ እንዲመስልም ቴስተር አስያዘው፤ ያውም ያልተከፈተ ቴስተር። ኤሌክትሪሺያን ቢሆን እንዲህ ያለ ቀልድ አይሠራም።»

«ግምት ነው» አለ ከረባት።

«እስከዚህ ድረስ ግምት ነው። ግን እህትዎ ቴስተሩን ከእጁ አውጥተው ሳጥኑ ውስጥ የመለሱት ማንም ሳይደርስ ነው። እርስዎ በእጁ እንደነበር ነገሩኝ። መቼ አዩት?»

ከረባት እህቱን አየ፤ እሷ አላየችውም። ኤሌክትሪሺያኑን ከእግር እስከ ራሱ መዘነው።

«ለዚህ ቅባታም “አቤት” ልበል?» አለ።

ፖሊሱ ካቴናውን ከኤሌክትሪሺያኑ እጅ ፈትቶ ወደ እሱ ዞረ። ከረባት እጁን ሰበሰበ።

«በዚህ አይሆንም፤ ቅባት ነክቶታል። ሌላ የላችሁም?»

መበለቲቱ ከጎማው ተነሣች። የወንድሟን ነጭ እጅጌ እስከ ክርኑ ሰበሰበችለት።

«የባሌ ቤት ቅባት ነው» አለች። «እሰሩበት።»