በስሙ ራስጌ የቆመች ምልክት

ሟቹ የተገኘው የሕፃናት ደም በብልቃጥ ታሽጎ በሚቀመጥበት ጠባብ የማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ፣ አንድ እጁን በካፖርቱ ኪስ እንደ ከተተ ነበር። በአካሉ ላይ ጭረት እንኳ አልታየም። ፊቱ ከሞተ ሰው ይልቅ የሚደምረው ቁጥር አልገጥም ያለውን ሰው ይመስል ነበር። ማለዳ በሩን የከፈተው ዘበኛ ባየው ጊዜ በመጀመሪያ ያሰበው፣ እንደ ልማዱ ሲሠራ አምሽቶ እንቅልፍ የጣለው መሆኑን ነው።

በምርምር ተቋሙ «አጣሪው» ይሉት ነበር። ሌሎች የሰበሰቡትን ቁጥር ይመረምራል፤ ያልጣመውንም የማን ነው ሳይል ይመልሳል። በዚህ ምክንያት የሚያከብሩት ብዙ፣ ምሳ አብረውት የሚበሉ ግን ጥቂት ነበሩ።

ስለ አሟሟቱ የሁሉም ቃል አንድ ሆነ፤ አደጋ ነው። ናሙናዎቹን ከሚያቀዘቅዘው ጋን ናይትሮጅን አፈትልኳል። ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም የለውም፤ የክፍሉን አየር ያባርርና ሰውን ሳያስለው ይገድላል። የተቋሙ የሐዘን መግለጫ መርማሪው ከመድረሱ በፊት ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በመግቢያው በር ላይ ተለጥፎ ነበር።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» ይሉታል፤ በየምርመራው መክፈቻ የሚናገራት ቃል ይህች ናትና። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ የሟቹ ሚስት ተቀምጣ ጠበቀችው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ በጣቷ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር። አላለቀሰችም።

«ባሌን ይመልሱልኝ አልልም» አለችው። «ስሙን ግን ከዚያ ጽሑፍ ላይ ያውጡልኝ።»

«ከየትኛው ጽሑፍ፣ እህቴ?»

«ለሕፃናት ስለሚሰጥ መድኃኒት አራት ሆነው የጻፉት ነው። መጠኑ እጥፍ ቢደረግ ልጆቹን አይጎዳም ይላል። እሱ ግን ‹የልጆቹ ደም አልተመረመረም፤ ባልተመረመረ ነገር ላይ ስሜ አይቀመጥም› ብሎ ነው ትናንት ተመልሶ የወጣው። ‹እራቴን ከድነሽ አቆዪልኝ› ብሎኝ።» ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። «አሁንም እንደ ተከደነ ነው።»

«ቀስ ብለን እንሂድ» አላት። «የምችለውን አደርጋለሁ።»

በኋላ ይህችን ቃል በመስጠቱ ይጸጸታል።

ወደ ክፍሉ ሄደ። በበሩ ላይ ወደ ውስጥ የምታሳይ የመዳፍ ስፋት ያላት መስታወት አለች። ከበሩ ውጭ፣ በግድግዳው ላይ ሁለት ማብሪያዎች አሉ፤ አንደኛው የመብራት፣ ሁለተኛው የአየር ማስወጫው ነው። በሁለተኛው ላይ «በፍጹም አይጠፋም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ማብሪያው ግን ጠፍቷል። የጋኑን መክፈቻ መረመረ። አላረጀም፤ አልተሰነጠቀም። የሰው እጅ እስከ መጨረሻው አዙሮ ከፍቶታል።

ከሟቹ ኪስ አንዲት ብልቃጥ ወጣች፤ ማሸጊያዋ አልተነካም። መርማሪው ወደ መደርደሪያዎቹ ዞረ። ጥቂቶቹ ብልቃጦች ብቻ ተከፍተው ነበር፤ የቀሩት ከልጆቹ ክንድ ከተቀዱበት ቀን ጀምሮ የከፈታቸው አልነበረም። ጋኑ ባዶ ሆኖ በማደሩም ደሙ ሁሉ መበላሸት ጀምሮ ነበር።

ዘበኛውን አስጠራው።

«አባቴ፣ ሲመሽ ክፍሎቹን አይዞሩም?»

«እዞራለሁ እንጂ። ሥራዬ አይደል?»

«ትናንትስ?»

ሽማግሌው ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። «ትናንትማ ያን ሁሉ ዝናብ አይተውታል። በዚህ ዝናብ ሌባውም ቤቱ ነው የሚያድረው ብዬ ከመጠለያዬ አልወጣሁም። ብዞር ኖሮ ይተርፍ ነበር እንዴ?»

«አይተርፍም ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ዘበኛው፤ እውነቱን ነበር።

ከጽሑፉ አራት ባለቤቶች አንዱ ሞቷል፤ ሦስቱ ቀርተዋል፤ አንዲት የሕፃናት ሐኪም፣ አንዲት ረዳት ተመራማሪና ዋናው ተመራማሪ ፕሮፌሰር። መርማሪው አስቀድሞ የሄደው ወደ ሕፃናት ሐኪሟ ነው። በሆስፒታሉ ዋርድ መተላለፊያ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ ሕፃን አልጋ አጠገብ ቆማ ያደረች መሆኗን ነርሶቹ ሁሉ መሰከሩ።

«ለመሆኑ ያ የተመለሰው ጽሑፍ ዳግም ተልኳል እንዴ?» ብላ የጠየቀችው እሷ ናት።

«ከጸሐፊዎቹ አንዷ አይደሉም?»

«ስሜ አለበት።»

«አንብበውታል?»

ዓይኗን አሸች። «ኢንስፔክተር፣ ደክሞኛልና አልዋሽዎትም። ርዕሱን አንብቤዋለሁ። የልጆቹን ደም የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ በምላሹ ስሜን አስገቡልኝ። ያለ ጽሑፍ የደረጃ እድገት የለም። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«አጣሪውም?»

«እሱማ ሰው አይደለም፣ ወንፊት ነው» አለች፤ ቀጥሎም አፏን በእጇ ያዘች። «ነበር።»

ረዳት ተመራማሪዋ የዋናው ተመራማሪ የእህት ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ በሥራ ቦታም «ጋሼ» ከማለት አልተቆጠበችም። ጽሑፉን ከርዕሱ እስከ ዋቢዎቹ ያረቀቀችው እሷ ስትሆን፣ የመጀመሪያው ስም የእሷ እንዲሆን ተስማምተው ነበር። የዶክትሬት ዲግሪዋ ያለዚያ አይሰጣትም።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ላክሁት» አለች። «ጆርናሉ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ መልእክት ይልካል፤ ‹የመጨረሻውን ጽሑፍ አይተሃል? ትስማማለህ?› ይላል። ሐኪሟ ሳታየው ተስማማች። ጋሼ ተስማማ። አጣሪው ‹አልስማማም› ብሎ መለሰ። አንድ ሰው እንቢ ካለ ጽሑፉ ይመለሳል፤ የተስማሙት ግን ዳግም አይጠየቁም። ተመለሰልኝ። የማስገቢያው ጊዜ ደግሞ ትናንት ማታ ያበቃ ነበር።»

«ተናደድሽ?»

«እንዴት አልናደድ? ለጋሼ እያለቀስኩ ነገርኩት። ‹ይቅር፣ ሌላ ጆርናል አይጠፋም፤ ሂጂና ተኚ› አለኝ።»

«የጆርናሉን የይለፍ ቃል ማን ያውቃል?»

ወደ ግድግዳው ጠቆመች። ከመስኮቱ በላይ፣ በደማቅ ቀለም ተጽፎ ተለጥፏል። «ማን የማያውቅ አለ? መስኮት የሚያጸዱትም ሳይሸመድዱት አይቀሩም።»

«እስቲ ክፈቺልኝ።»

ከፈተች፤ ወዲያው እጇ ከኮምፒዩተሩ ላይ ተነሣ። ጆርናሉ ጽሑፉን ተቀብሏል።

«እኔ አልላክሁም» አለች በቀስታ። «ጋሼ ይሙት፣ እኔ አይደለሁም።»

መርማሪው የመጀመሪያውን ገጽ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። በስሞቹ ተርታ የአጣሪው ስም ቀዳሚ ሆኗል፤ በስሙ ራስጌ ትንሽ መስቀል ቆማለች። የልጅቱ ስም ሁለተኛ ላይ ወርዷል። ከግርጌ «መረጃውን የሰበሰበውና የተነተነው ቀዳሚው ጸሐፊ ነው» ይላል።

«ይህች መስቀል ምንድን ናት?»

«ጸሐፊው ሲሞት የምትደረግ ናት» አለች፤ ዓይኗ ግን በራሷ ስም ላይ ነበር። «ሁለተኛ አደረጉኝ።»

ዋናው ተመራማሪ መርማሪውን የተቀበለው በጽዱ ክፍሉ ነው። የተቀረጹት እርሳሶች በቁመታቸው ተደርድረዋል። ሲናገር አይቸኩልም፤ የሌላውንም ንግግር አያቋርጥም።

«ትልቅ ሐዘን ነው» አለ። «የሚገርመኝ ግን እስከ ማለዳ ሳይገኝ መቅረቱ ነው። ዘበኛው እኮ ሲመሽ ሁሉንም ክፍል ይዞራል።»

«ትናንት አልዞረም።»

የፕሮፌሰሩ እጅ ከእርሳሶቹ አንዱን አቃና። «አልዞረም?»

«በዝናቡ ምክንያት። እርስዎ ሲወጡ አጣሪውን አላዩትም?»

«አላየሁትም። ማለዳ ነው እንደ ማንኛችሁም የሰማሁት።»

«ስለ ጽሑፉ ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተከራክረናል። በሳይንስ ክርክር ጠብ አይደለም። ኢንስፔክተር፣ እኔ በዕድሜዬ ሙሉ አንዲት ቃል ከሌላ ሰው ወስጄ ምንጯን ሳልጠቅስ የቀረሁበት ቀን የለም። ተማሪዎቼን ይጠይቁ።»

«ጠይቄያለሁ» አለ መርማሪው። «ሁሉም እንዲሁ ይላሉ።»

በማግስቱ ሦስቱን፣ የተቋሙን ዳይሬክተርና የሟቹን ሚስት በስብሰባው አዳራሽ ሰበሰባቸው። ዘበኛው በር ላይ ቆመ። መርማሪው ብልቃጧን በጠረጴዛው መካከል አኖራት።

«ቀስ ብለን እንሂድ» አለ። «ጽሑፉ የልጆቹ ሁሉ ደም ተመርምሯል ይላል። ይህች ብልቃጥ ግን እንደ ታሸገች ናት፤ እንደ እርሷ ያሉትም መደርደሪያ ሞልተዋል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ከደም አልመጡም፤ ከሰው ጭንቅላት መጡ። አጣሪው ይህን ስለ ደረሰበት አልስማማም አለ። አንድ ሰው የአየር ማስወጫውን አጥፍቶ፣ ጋኑን ከፍቶ፣ ክፍሉ በጋዝ ከሞላ በኋላ ‹ግባና ብልቃጦቹን ራስህ እይ› ብሎ ላከው። ማየት የሚወድ ሰው ነበርና ገባ።»

ሚስቱ ዓይኗን ከብልቃጧ አልነቀለችም።

«ከዚያ ያ ሰው የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ቀረ። የማስገቢያው ጊዜ ሊያበቃ ነው፤ ጆርናሉ ደግሞ የእያንዳንዱን ጸሐፊ ስምምነት ይጠይቃል። የማይጠየቀው ሰው ማን ነው?»

ረዳት ተመራማሪዋ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። «የሞተ» አለች።

«የሞተ። ስለዚህ በስሙ ራስጌ መስቀል አቆመና ላከው። ጊዜው ያበቃው ማታ ነው፤ ጽሑፉ የተላከው ከዚያ በፊት ነው። ሟቹ የተገኘው ማለዳ ነው። ያችን መስቀል ሲያቆም አጣሪው መሞቱን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ በበሩ መስታወት አሻግሮ ሲወድቅ ያየው።»

የዳይሬክተሩ ወንበር ተንቋቋ።

«ሐኪሟ ከልጅ አልጋ አልተለየችም፤ ጽሑፉ ዳግም መላኩንም አታውቅም ነበር። ይህች ልጅ ልካው ቢሆን ኖሮ የራሷን ስም ሁለተኛ አታደርግም፤ ዲግሪዋን በገዛ እጇ አትሰጥም። ሟቹን ቀዳሚ ማድረግ የሚጠቅመው፣ አንድ ቀን ውሸቱ ቢገለጥ ተጠያቂው የሞተው እንዲሆን ለሚፈልግ ሰው ነው። ያ ሰው ዘበኛው ማታ እንደሚዞር፣ ሬሳው ከጽሑፉ መላክ ጋር በተቀራረበ ሰዓት እንደሚገኝ፣ ከወራት በኋላም የትኛው እንደ ቀደመ የሚጠይቅ እንደማይኖር ተማምኖ ነበር። ትናንት ዘበኛው አለመዞሩን ስነግረው እርሳሱን አቃና።»

ሁሉም ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሩ።

«ጋሼ?» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ዝም በይ፤ ይህ አንቺን አይመለከትም» አላት፤ ድምፁ ግን አልጨከነባትም። ቀጥሎ ወደ መርማሪው ተመለሰ። «መስቀሏን ባልጽፍ ኖሮ ምን ልጽፍ ነበር? ሕያው ነው ብዬ ልላክ? በእሱ ስም ‹እስማማለሁ› ብዬ ልመልስ? ያማ ማጭበርበር ነው። የጆርናሉ ደንብ ግልጽ ነው።»

ከዳር እስከ ዳር በቅንነት ነበር የተናገረው። የግርጌ ማስታወሻን እውነት ለመጠበቅ እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው፣ ለብልቃጦቹ እውነትና ለአንድ ሰው ነፍስ ያን ያህል አልተጠነቀቀም። ሥርዓትን ከጽድቅ ነጥሎ የሚጠብቅ ሰው መጨረሻው ይህ ነው፤ በንጹሕ እጅ ይገድላል።

ወሰዱት። ፍርድ ቤቱም ፈረደበት።

መርማሪው ግን ለመምህርቷ የሰጣት ቃል ነበረበት። ወደ ጆርናሉ ጻፈ። ትሕትና የተሞላ መልስ መጣለት፤ ጽሑፍ የሚሰረዘው በሕይወት ያሉት ጸሐፊዎች ሁሉ ሲፈርሙ፣ አለዚያም ተቋማቸው አጣርቶ ሐሰት ነው ሲል ነው። ወደ ዳይሬክተሩ ሄደ።

«ፍርድ ቤቱ የፈረደው በነፍስ ነው፣ በጽሑፍ አይደለም» አለ ዳይሬክተሩ። «ደግሞስ በምን እናጣራ? ብልቃጦቹ ተበላሽተው ስለ ሸተቱ ለጽዳት ሲባል ተቃጥለዋል።»

በፍርድ ቤቱ የማስረጃ ሣጥን ውስጥ የቀረችው አንዲት ብልቃጥ ስለ ራሷ እንጂ ስለ ሌሎቹ መመስከር አልቻለችም።

ሐኪሟ እድገቷን አግኝታ ነበር፤ ልትፈርም ብዕር አነሣች፤ «ትንሽ ላስብበት» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ረዳት ተመራማሪዋ በሩን ሳትከፍት ከውስጥ መለሰችለት፦ «ጋሼን ወስደውብኛል። በሁለተኛ ስምም ቢሆን ሊሰጡኝ የተስማሙትን ዲግሪዬንም ልጨምርልዎ?» ፕሮፌሰሩ በእስር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አረመ፤ ከዚያም «ደንቡ ሁላችንም ይላል። እነሱ ከፈረሙ እኔ አልቀርም» ብሎ መለሰለት።

ጽሑፉ ታተመ። ሐኪሟ በዋርዱ ውስጥ አዲሱን መጠን ማዘዝ ጀመረች፤ በታተመ ነገር ላይ የሚከራከር ነርስ አልነበረም።

መርማሪው መጽሔቱን ይዞ ወደ መምህርቷ ቤት ሄደ። ልጆች ሠርተው የሰጧት የፈተና ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ገጹን ገልጣ የባሏን ስም በጣቷ ተከተለችው።

«አላወጡትም» አለች።

«አልቻልኩም፣ እህቴ።»

«ከሁሉም ፊት አደረጉት።» ጣቷ በመስቀሏ ላይ ቆመ። «ሁሉንም አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ከውስጡ እውነት የሆነ ነገር አለ?»

የመርማሪው ዓይን ጣቷ ወዳረፈባት መስቀል ወረደ።

«እውነት እሷ ብቻ ናት» አለችው፤ ለራሷ የምትናገር ይመስል ነበር። መጽሔቱን ዘግታ ከፈተና ወረቀቶቹ በታች አኖረችው። ከዚያም ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ የልጆቹን ስሕተት ማረም ቀጠለች።