ቆጥ ላይ የተሠራው ተራራ

እኔ ከእንዲህ ዓይነት ወሬ ጋር ዝምድና የለኝም፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁልኝ። ሸማ ተራ ውስጥ ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ ሕልሜ ደረሰ የሚል ሰው ጠፍቶ አያውቅም፣ እኔ ግን ወሬው ሲጀመር ፊቴን አዙሬ ጋቢ ማጠፍ ነው የምይዘው፣ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ነኝ። እንግዲህ የምነግራችሁን እንደፈለጋችሁ ውሰዱት፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማወራው።

ነገሩ የመጣው በወንድሜ በቢንያም ሩጫ ነው። ቢኒ እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔው እጅ ላይ ያደገ ነው፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆኖ የጋቢና የቡሉኮ ሱቃችንን አብረን እንሠራለን፣ ከእሱ በቀር በዚህ ዓለም የኔ የምለው የለኝም። ታዲያ አንድ ቀን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የመንዝን ተራሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ በሩጫ ሊያቋርጥ እንዳሰበ ነገረኝ። ውድድር ነው ወይ ስለው አይደለም አለኝ፣ ሽልማት አለው ወይ ስለው የለውም አለኝ።

"ታዲያ ምን ይሁነኝ ብለህ ነው?"

"እንዲሁ ደስ ስለሚለኝ ነው፣ እታለም።"

"መኪና ይሄዳል እኮ እዚያ አገር።"

ሳቀብኝ። በስልኩ ካርታ ሊያስረዳኝ ሞከረ፣ እኔ ደግሞ መነጽሬን አድርጌም ከአረንጓዴ ቀለም ሌላ የሚታየኝ አልነበረም። ይሄኔ "ነይ ሠርቼ ላሳይሽ" ብሎ ቆጥ ላይ ይዞኝ ወጣ። መርካቶ ሱቅ ያለው ሰው ያውቀዋል፣ ከጣሪያው ሥር በመሰላል የሚወጣበት የዕቃ ማስቀመጫ ነው፣ እኛም የበዓሉን ዕቃ የምናከማቸው እዚያ ነው። ቢኒ ጋቢውን እያጎበጠ፣ ቡሉኮውን እያጠፈ ኮረብታና ሸለቆ ሠራ፣ ለትልቁ ተራራ የሚሆን ግን አጣ፣ ጥጥ ይተኛል እንጂ አይቆምም። ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ባና ነበረን፣ ከዚያው ከመንዝ የመጣ፣ በዚያው አገር በግ ጠጉር የተሠራ፣ ከብዶና ሻክሮ ገዢ ያጣ ብርድ ልብስ፣ እሱን አጥፎ ሲያቆመው ቀጥ ብሎ ቆመለት፣ ጀርባው ሹል የሆነ ተራራ ወጣው። በላዩ ቀይ የጥልፍ ክር ዘረጋና "መንገዳችን ይሄ ነው" አለኝ፣ ምንጭ ባለበት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አስቀመጠ፣ በሚያድሩበት ቦታ ስፒል ሰካ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲያ እኔም ገባሁበት። በሶውን ማን ይይዛል፣ የጭነት በቅሎዋ የት ትጠብቃችኋለች፣ ከዚህ ምንጭ እስከዚያ ምንጭ ውሃ አያልቅባችሁም ወይ እያልኩ ገዢ ቆሞ እየጠበቀኝ እከራከረው ጀመር። አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩለትም፣ ክሩ በባናው ጀርባ ላይ ሲያልፍ ግራም ቀኙም ገደል ነው።

"በሥሩ ዙሩት" አልኩት።

"የመንገዱ ውበት እኮ እሱ ነው፣ ደመናው ከእግርሽ በታች ይሆናል" አለኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ቆጥ ላይ ብወጣ ክሩ ከባናው ጀርባ ወርዷል። መውረድ ብቻ ቢሆን ተንሸራተተ እል ነበር፣ እሱ ግን ተራራውን በሥሩ ዞሮ፣ ማዶ ካለው ስፒል ጋር ደህና አድርጎ ተገናኝቷል። ቢኒን ጠርቼ "ምክሬን ሰማህ ማለት ነው" ስለው ክሩን አየ፣ እኔን አየ፣ "እታለም፣ ብትፈሪም እንዲህ አይደረግም" አለኝ። ነካሽ፣ አልነካሁም ተባባልን፣ እስከ ምሳ ድረስ ተኮራርፈን ዋልን። በኋላ ድመት ይሆናል አለና ክሩን መልሶ በጀርባው ላይ ዘረጋው፣ በስፒልም ጥርቅም አድርጎ ያዘው። እሺ፣ ድመት ክር ይጎትታል፣ ስፒል ግን ይነቅላል? በማግስቱ ጠዋት ስንወጣ ስፒሎቹ ተነቅለው ሸለቆው ውስጥ አንድ ላይ ተከምረዋል፣ ክሩም እንደገና በሥር ዞሯል። የሱቁ መክፈቻ ደግሞ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፣ ማታ ማታ ከአንገቴ አላወልቀውም። ቢኒ ክሩን ወደ ቦታው መለሰ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ክሩ ከቦታው አልተነሳም። እኔም ልረሳው ስል ያ ምሽት መጣ። ክረምቱ መውጫው ላይ ነበር፣ ቢኒ እንጦጦ ለልምምድ ሄዷል፣ ያ ዝናብ ወረደና መብራት ጠፋ፣ መንገዱን ጎርፍ ሞላው፣ እስኪያባራ ብዬ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የመግሪብ አዛን አሁን ገና ማለቁ ነው። ከቆጥ ላይ ድምፅ ሰማሁ፣ ሽምብራ ሰፌድ ላይ ሲንከባለል እንደሚሰማው ያለ፣ ትንሽ ይሰማና ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። አይጥ ነው ብዬ መጥረጊያ አነሳሁ፣ የስልኬን ባትሪ አብርቼም መሰላሉን ጀመርኩት።

ግማሽ ላይ ስደርስ ብርድ ፊቴን መታኝ። የመርካቶን ብርድ አውቀዋለሁ፣ ጭስ ጭስ፣ በርበሬ በርበሬ ይላል፣ ይሄ ግን የረጠበ በግ ነበር የሚሸተው። ባትሪውን ወደ ባናው አዞርኩ። እነዚያን ሁሉ ቀናት ቀጥ ብሎ የቆመው ጀርባ በአንድ ጎኑ ተደርምሷል፣ ነጫጮቹ ቁልፎች ተራ በተራ እየተንከባለሉ ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ፣ እያየኋት የመጨረሻዋ ወረደች። ክሩ በሥር ዞሮ ተወጥሯል። ጣቴን ጫን አደረግኩበት፣ ለምን እንዳደረግኩ አትጠይቁኝ፣ ከወዲያ በኩል ጎተተኝ። በኃይል አይደለም፣ ሕፃን ቀሚስ ይዞ ነይ እንሂድ እንደሚለው ነው፣ እመኑኝ።

በስመ አብ ብዬ እንዴት እንደወረድኩ እንጃ፣ በዚያ ጎርፍ ውስጥ ማዶ ወዳለው ወደ ሐጂ ሸምሱ ሱቅ ተሻገርኩ። ሐጂ የአባቴ ጓደኛ ነበሩ፣ ከልጅነቴ ያውቁኛል።

"ምነው የሺ፣ ሌባ ገባ?"

"ሐጂ፣ ክር ጎተተኝ" አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። አዳመጡኝና "ክር እርጥበት ሲያገኘው ይሰበሰባል ልጄ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ከክር ጋር ኖረሽ ይሄ ጠፋሽ?" አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ይሰበሰባል። "ተራራ ዞሮ ይሰበሰባል?" ብዬ ስጠይቃቸው ግን የተስቢሃቸውን ዶቃ መቁጠር ያዙ።

ቢኒ ዝናብ ሲያባራ መጣ። "ውጣና እይ" አልኩት፣ ብቻውን ወጣ፣ ቆየ። ሲወርድ እጁን በሱሪው እየጠረገ "ባናው ረጥቧል፣ ጣሪያው ሳያፈስ አይቀርም" አለኝ። ጣሪያው አያፈስም፣ ባናው ሥር የተነጠፈውን ነጭ ጋቢ አንድ ጠብታ አልነካውም። "ቢኒ፣ ከአንተ ሌላ ማንም የለኝም፣ በጀርባው አትሂድብኝ" አልኩት፣ አለቀስኩም። ወደ ቤት ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ ስልኩን አውጥቶ ለጓደኞቹ "በሥር ነው የምንዞረው" ሲላቸው ሰማሁት። ለምን ቢሉት "በቃ በሥር ነው" ብሎ ዘጋው።

መስከረም ላይ ሄዱ፣ ዝናቡ ግን ያን ዓመት አልወጣ ብሎ ነበር። በትልቁ ተራራ በኩል ያልፋሉ በተባለው ቀን ስልኩ አይሠራም፣ ብደውል ብደውል የለም። ነጠላ ላሉኝ ጋቢ አወጣለሁ፣ ጋቢ ላሉኝ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

"እታለም፣ ወርደናል።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም ደህና ነን። ስሚ፣ የጀርባው መንገድ ዛሬ ጠዋት ተንዷል። ልናልፍበት ባሰብነው ሰዓት ነው። እኛ ማዶውን በሥር እየዞርን ሰማነው።"

"ምን ሰማችሁ?"

"ድንጋይ ሲንከባለል" አለኝ።

ሸማ ተራ መሃል ቆሜ እልል አልኩ። ጎረቤቶቼ ማን ተዳረ ብለው ከየሱቃቸው ወጡ፣ ሐጂ ሸምሱ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ ስለ ክሩ ግን አላነሱም። ሱቅ ገብቼ ቡሉኮው ክምር ላይ ተቀመጥኩ፣ ስቄም አልቅሼም አልጠግብ አልኩ፣ እንዲህ ያለ እፎይታ በዕድሜዬ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ገዢ ቀንሽልኝ ሲለኝ እሺ እያልኩ ስሸጥ የተራው ሰው የሺ ታማለች ብሎ ነበር።

ቢኒ ሲመለስ ተራራውን አፈረስነው፣ ጋቢውም ቡሉኮውም ተሸጠ። ባናውን ግን አልሸጥኩትም። በጋውን ሙሉ ጣሪያ ላይ አሰጥቼዋለሁ፣ ሁለመናው ደርቆ መዳፍ የምታህል አንዲት ቦታ አልደርቅም አለች፣ በዚያ ፀሐይ እጄን ሳሳርፍባት ትቀዘቅዘኝ ነበር። ይገርማችኋል፣ ከጊዜ በኋላ አልፈራኋትም። ቢኒን የሚጠብቅልኝ አንድ ነገር ለመኖሩ ምልክት አድርጌ ቆጠርኳት።

ዘንድሮ ቢኒ ያንኑ ተራራ ከወዲያኛው ጫፍ ሊጀምረው ተነስቷል። አልከለከልኩትም፣ እንዲያውም ባናውን ራሴ አውጥቼ አቆምኩለት፣ ክሩንም አብረን ዘረጋን። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ስከፍት መጀመሪያ የምወጣው ቆጥ ላይ ነው። ክሩ እስካሁን ከቦታው ንቅንቅ አላለም፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መንገዱ ደህና ሆኖ ነው፣ ወይስ ክሩን የሚያነሳው ከእንግዲህ የለም?

ትናንት እንደ ልማዴ ያችን ቦታ ዳሰስኳት፣ ደርቃለች።

"እታለም፣ ክሩ እንዳለ ነው?" አለኝ ቢኒ ከታች።

"እንዳለ ነው" አልኩት፣ ግን ከቆጡ ቶሎ አልወረድኩም።