ሳይፈለጉ የከረሙ ደብዳቤዎች

የኮምፒውተር ጠጋኙን ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለው ነበር። መጀመሪያ ለቀልድ ነው፤ ውሎ ሲያድር ግን ስሙ ሆኖ ቀረ።

ከማተሚያ ቤቱ የተደወለለት ማክሰኞ ጠዋት ነበር።

«ዶክተር፣ በሽተኛ አለን» አለች አንዲት ሴት። «መፈለጊያው ጠፋ።»

«የምን መፈለጊያ?»

«የኢሜይሉ። ከላይ የነበረችው ሳጥን የለችም። ዕቃ ሲጠፋ በመፈለጊያ ይፈለጋል፤ መፈለጊያው ራሱ ሲጠፋ በምን ይፈለጋል?»

ሳቀ። ሳያያት ወደዳት ማለት ማጋነን ይሆናል። ግን ሌላ ሦስት ሥራ እየጠበቀው ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጀመሪያ ወደ እሷ ሄደ።

ቢሮዋ ከማተሚያ ማሽኑ በላይ ነበር። ማሽኑ ሲሠራ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛው ላይ የተከመረው የናሙና ወረቀት ቀስ በቀስ ወደ ጠርዙ ይንሸራተታል፤ እሷም ቀና ሳትል በክርኗ ትመልሰዋለች። አራሚ ናት። ከሥር የሚታተመው ሁሉ በቀይ እስክሪብቶዋ ሥር ያልፋል፤ ከደንበኞች ጋር የምትጻጻፈውም እሷው ናት። ማተሚያ ቤቱ የታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ያሳደጋትም እሱ ነው። እናታቸው እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ከጓሮ ባለው ቤት ከአልጋ አይወርዱም።

«ምን ልትፈልጊበት ነው?» አላት ወንበሩን እየሳበ።

«የትምህርት ቤት ደብዳቤ። አራት ሺህ የንባብ መጽሐፍ አትመን ሽፋኑ ላይ ስህተት ተገኘ። እነሱ የእናንተ ጥፋት ነው ይላሉ። እኔ ስህተቱን ዓይቼ ጽፌላቸው 'እንዳለ ይታተም' ብለው መልሰውልኛል። አምና ነው። ደብዳቤውን ካላገኘሁ ሁሉም እንደገና ሊታተም ነው፤ ስሜም አብሮ ይበላሻል።»

ፕሮግራሙን ዘግቶ ከፈተው፤ ሳጥኗ የለችም። የገጹን አቀማመጥ ወደ መጀመሪያው ሲመልሰው ግን ብቅ አለች።

«አልጠፋችም፤ ተደብቃ ነው» አላት።

«ማን ይደብቃታል?»

«ጣት ሳያስበው ይነካል።»

የትምህርት ቤቱን ስም ጻፈች። ምንም አልመጣም። ያኔ ዶክተር እውነተኛው በሽታ ሌላ መሆኑን ገባው። ፕሮግራሙ ደብዳቤ የሚፈልገው በራሱ ማውጫ ውስጥ ነው፤ ማውጫው ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው ከቆመ። እንደገና መሠራት አለበት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም።

«እየመጣሁ አየዋለሁ» አላት።

በስልክ ጠይቆ ሊጨርሰው ይችል ነበር። ረቡዕም መጣ፣ ሐሙስም መጣ። የማውጫው ቁጥር ሲጨምር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያሉ። እሷ ታርማለች፤ እሱ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ጆሮውን ለእስክሪብቶዋ ድምፅ ይሰጣል።

«አንተ ሌላ ሥራ የለህም?» አለችው አርብ ዕለት።

«አለኝ።»

ወደ ወረቀቷ አጎነበሰች። ጆሮዋ ግን ቀላ።

ያን ቀን ሆድ ለሆድ ተጫወቱ። ሰው እንደነበራት ነገረችው። የመርከብ መካኒክ ነው። ሲሄድ ከየወደቡ እንደሚጽፍላት ቃል ገብቶ ነበር፤ አንድም አልጻፈም። የእሷ ስልክ ጠፍቶ ወንድሟ አዲስ ቁጥር ስላወጣላት ከዚህ የቢሮ ኢሜይል ሌላ መገናኛ አልነበራቸውም።

«ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት። ዝም አለ። ሦስተኛው ልመና ነው ብዬ ተውኩት። ሁለት ዓመት ሆነው። ባሕር በልቶት ይሁን ሴት፣ አላውቅም።»

ዶክተር ማጽናኛ ቃል ፈለገ፤ አጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አልፈለገም።

ሰኞ ማውጫው አለቀ። እሷ ናሙና ይዛ ወደ ማሽኑ ወርዳ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ቁጥሮቹን አመሳከረ፤ ማውጫው ውስጥ ያሉት ደብዳቤዎች ፕሮግራሙ ውስጥ ካሉት በሠላሳ ሰባት ያንሳሉ። ሥራ የሚወድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያልፍም። ተከታትሎ ደረሰበት። «የቆዩ ማስታወቂያዎች» የሚል፣ ማንም የማይከፍተው ፎልደር አለ፤ በውስጡ ሌላ ፎልደር፤ እሱ ላይ ከፍለጋ እንዲገለል ምልክቱ ተነሥቷል። ትእዛዝም ተጽፏል፦ ከዚህ አድራሻ የሚመጣ ሁሉ ሳይታይ፣ እንደተነበበ ተቆጥሮ፣ እዚህ ይግባ፤ ወደዚህ አድራሻ የሚጻፍም ሳይላክ ይሰረዝ።

ከፈተው። ሠላሳ ሰባቱም የአንድ ሰው ናቸው። ውስጣቸውን አላነበበም፤ ርዕሳቸው በቃው። «ከመጀመሪያው ወደብ»። «ደርሶሻል?»። «ምን አጠፋሁ?»። «አሁንም እኔ ነኝ»።

ማውሱን ወደ ተነሣው ምልክት ሳበ።

«ተወው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላው።

የአራሚዋ ወንድም በሩ ላይ ቆሟል። ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ጣቶቹ ቀለም የዋጣቸው ሰው ነው። በሩን ዘጋና ቁጭ አለ።

«ልትፈርድብኝ ትችላለህ። ግን ያቺን ከጓሮ የተኛችውን እናቴን ዓይተሃል? ልጇ ከአጠገቧ ብትጠፋ አንድ ሳምንት አታድርም። ይሄ ልጅ ይዟት ሊሄድ ነበር። እኔም ያለ እሷ... አሳድጌያታለሁ እኮ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ግፍ ነው።»

«ግፍ ነው። አልቅሳ ወጥቶላታል፤ ረስታዋለች። አሁን ብትነግራት ምን ታተርፋለህ?» ትክ ብሎ አየው። «አንተም ትወዳታለህ። ዓይኔ አያይም እንዴ? እሷም ካንተ ጋር ስትሆን ትስቃለች። ሁለት ዓመት ስትስቅ አልሰማሁም። አንተ እዚሁ ነህ፤ የትም አትወስዳትም። እኔ እንቅፋት አልሆንባችሁም።»

እርምጃዋ ደረጃው ላይ ተሰማ። ዶክተር እጁ ማውሱ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ጫን ቢያደርግ ምልክቱ ይመለሳል።

ፎልደሩን ዘጋው።

ገብታ የትምህርት ቤቱን ስም ጻፈች። ደብዳቤው ወዲያው መጣ፦ «እንዳለ ይታተም»። እልል አለች። ወንድሟን ግንባሩን ሳመችው፤ ዞር ብላ የዶክተርን እጅ ያዘች፤ ቶሎም አልለቀቀችም።

«ምን ልክፈልህ?» አለችው።

«ቅዳሜ ከእኔ ጋር ውጪ።»

ከዚያ የተከተሉት ሁለት ሳምንታት በሕይወቱ ከሁሉ የጣፈጡና ከሁሉ የከበዱ ነበሩ። ከሥራ ስትወጣ ይጠብቃታል። የሱቅ ማስታወቂያ እያነበበች የፊደል ስህተት ትለቅማለች፤ እሱ ይቆጥርላታል። ቤቱ ሲገባ ግን ያ ፎልደር ከፊቱ ድቅን ይላል። ነገ እነግራታለሁ ይላል። ነገ ስትመጣ ደስ ብሏት ትመጣለች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሄዱ። ጀልባ ተከራይተው እሱ መቅዘፍ ባለመቻሉ አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከሩ ዋሉ። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ፣ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ውሃ ውስጥ እስኪገባ ሳቀች። ሲመለሱ በባዶ እግሯ ክንዱን ይዛ ሄደች። ሰዓቱ ወደ አሥራ ሁለት ይጠጋ ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ ቢሮዋ ጠራችው። ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ግን እንደታጠበ ሰማይ ጠርቷል።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ» አለችው። «አትደንግጥ፤ ደግ ለቅሶ ነው። ያንን ሰው ቀበርኩት። በሕይወት ቢኖር አንድ ቃል አይነፍገኝም ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሰው አልነበረም። ሞቷል። ሟች አይወቀስም፤ ይለቀስለታል። አለቀስኩለት፤ አበቃ።» እጁን ሳበችው። «ዛሬ እናቴ ዘንድ ላስገባህ ነው። ማን ነው ብትለኝ ምን እንደምላት አውቃለሁ።»

ዶክተር የፈለገው ሁሉ እጁ ላይ ነበር። መያዝ ግን አልቻለም። በሕይወት ላለ ሰው ተለቅሶ በዚያ ለቅሶ ላይ ጎጆ ሲቀለስ ማየት አቃተው።

«አልሞተም» አላት።

ማውሱን ይዞ ፎልደሩን ከፈተላት። ከፍቶም ራሱ ደነገጠ። ደብዳቤዎቹ ሠላሳ ስምንት ሆነዋል።

አራሚዋ ቁጭ ብላ ከታች ጀምራ አነበበች። ከሥር ማሽኑ ይሠራል፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ መሬት ሲወድቁ በክርኗ አልመለሰቻቸውም። አንድ ሰዓት ሙሉ አነበበች። የመጨረሻውን ግን ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ናሙና ወረቀት፣ ቃል በቃል አነበበችው፦

«መርከባችን ለጥገና ቆማለች። ካንቺ የአምስት ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ። አምና መጥቼ ወንድምሽ በሩ ላይ 'ሌላ ሰው አላት' ብሎ መልሶኛል። ካንቺ አፍ ካልሰማሁ አላምንም። እስከ ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደቡ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ መልሴን አገኘሁ ማለት ነው፤ ለአራት ዓመት መርከብ ላይ ልሠራ እፈርማለሁ። ከዚያ በኋላ አላስቸግርሽም።»

የገባበትን ቀን አየች። ያለፈው ማክሰኞ።

«አንተ መቼ አወቅህ?»

«ማውጫው ያለቀ ዕለት። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ይቺን ግን አላየኋትም፤ ሠላሳ ሰባት ነበሩ።»

«ያን ቀን ብትነግረኝ ይቺን በእጄ እቀበላት ነበር።»

«አዎ።»

ጣቷን ቀኑ ላይ አሳረፈች። 

«ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት የት ነበርን?»

«ሐይቁ ዳር።»

«ምን እያደረግሁ ነበር?»

ዶክተር አንገቱን ደፋ። «እየሳቅሽ» አለ።

ወንድሟ በድምፃቸው መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም ስክሪኑን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። እሷ አልጮኸችም። ቀይ እስክሪብቶዋን ክዳኑን ገጠመችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አባት ሆነህ አሳድገኸኛል። አባት ግን የልጁን ደብዳቤ አይቀብርም።» ወደ ዶክተር ዞረች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ ነበር። እኔ ቤት ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ ባዳዋ።»

በዚያኑ ቀን አውቶቡስ ይዛ ወደቡ ሄደች። መርከቧ እሑድ ጠዋት ተነሥታለች። ጻፈችለት። መልሱ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ አጭር ነበር። ቅዳሜ ሲፈርም እንዳላመነታ፣ ደብዳቤዋን ሲያነብ ግን እንደተጸጸተ፣ አራት ዓመት ጠብቂኝ ለማለት ግን አፉ እንደማይደፍር ጽፏል።

ከሁለት ወር በኋላ ዶክተር ሱቁ ውስጥ የተፈታ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ ሳለ ሰው ብርሃኑን ከለለበት፤ ቀና ሲል እሷ ናት። ከስታለች። ቦርሳ ይዛለች።

«እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ነው» አለችው። «ወደቡ ከተማ ጋዜጣ ላይ በአራሚነት ተቀጥሬያለሁ።»

«ትጠብቂዋለሽ?»

«ማንንም አልጠብቅም።» ቦርሳዋን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «ጋሼን ይቅር ብዬዋለሁ። ፈርቶ ነው ያደረገው።»

«እኔም ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። አንተ ደግሞ በመጨረሻ ነግረኸኛል፤ እሱ ዕድሜ ልኩን አይነግረኝም ነበር። ላንተ ይቅርታ ማድረግ ይቀለኝ ነበር» አለች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ «ባልወድህ ኖሮ። ያን ቅዳሜ ሳስበው ደስ ይለኛል። ደስ ሲለኝ ራሴን እጠላለሁ። ከዚህ ጋር አንድ ቤት መኖር አልችልም።»

«እኔ...»

«አትናገር። አሁን ብትናገር እቀራለሁ።»

አልተናገረም። እንደገና ዝም አለ፤ አሁን ግን የጠየቀችው እሷ ነበረች። እስከ መንገዱ ማዞሪያ ድረስ በዓይኑ ተከትሎ ሸኛት።

ከዚያ ወዲህ የወደቡ ከተማ ጋዜጣ ደንበኛ ሆነ። አንድ ቀን ዘግይቶ ይደርሳል፤ ይገዛዋል፤ ከፊተኛው ገጽ እስከ ሞት ማስታወቂያው ፊደል በፊደል ያነበዋል። ስህተት አያገኝም። ባለማግኘቱ ደኅና መሆኗን ያውቃል። እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረም።

አንድ ሐሙስ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ አገኘ። ታማ ይሆን ብሎ ስልኩን አነሣ፤ በምን መብቴ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። አርብም ሁለት ስህተት ነበር። በማግስቱ ደግሞ የመርከቦች መግቢያ ዝርዝር ላይ የአንዲቷ መርከብ ስም ተዛብቶ ታትሟል። ስሟን ያውቀዋል፤ የመካኒኩ መርከብ ናት፤ በሠላሳ ስምንተኛው ደብዳቤ ራስጌ ላይ ዓይቶት ነበር። ያሳሳታት ሕመም እንዳልነበረ ገባው።

ጋዜጣውን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መግዛቱን ተወ።