የአሰልጣኙ ፍሬን

ቤተሰቦቿ ከልጅነቷ ጀምሮ «ቁንጥንጥ» ይሏታል። ስሙ ሲወጣላት ለቀልድ ነበር፤ ሥራ ከፈታች ወዲህ ግን በልኳ የተሰፋ ልብስ ሆነ። ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ እጇ ስልኳን ይፈልጋል። ፊቷን ታጥባ ታየዋለች፣ ጸጉሯን አበጥራ ታየዋለች። ስልኩ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይተኛል።

የስልክ መተግበሪያ ዲዛይነር ናት። ሰዎች ሐኪም ቤት ወረፋ የሚይዙበትን፣ ትኬት የሚቆርጡበትን ገጽ፣ የቱ ቁልፍ የት ይሁን፣ የቱ ጽሑፍ ይቅደም እያለች ስትቀርጽ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርታለች። መሥሪያ ቤቷ ሲዘጋ «ያንቺ ዓይነቷማ ሥራ ፈታ ሳምንት አትቆይም» ያላት ሰው ብዙ ነበር። ሳምንቱ ወራት ሆነ። ካመለከተችባቸው ድርጅቶች ግማሾቹ «ስላመለከቱ እናመሰግናለን» ይሏታል፣ ግማሾቹ ያንንም አይሏትም። ቅጥሩ ይቅርና ለቃለ መጠይቅ የሚጠራት እንኳ ጠፋ። ጀማሪ ብትሆን ባልከፋት፤ ያን ሁሉ ልምድ ይዞ መናቅ ግን ያንገበግባል።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እትዬ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ብቻ የታናሿ ከክፍል ክፍል መንጎራደድ እንቅልፍ ነሳት። በመጨረሻ ሌላ ከተማ የቀለም መደብር ላላቸው አጎታቸው ደወለች። አጎትዬው ሳቁ። «ቀለም ከሆነ የምትወደው፣ እዚህ በባልዲ ሞልቷል» አሉ። ነገሩም በዚያው ተቆረጠ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ካላገኘች ሻንጣዋን ይዛ እሳቸው ዘንድ ሄዳ መደብር ትጠብቃለች። እሺ አለች እንጂ ሆዷ አላመነበትም። ሙያዋ እንደሆነ ቆሞ የሚጠብቅ ሙያ አይደለም። አንዴ ከተለዩት ይረሳል።

ከእህቷ ዓይን ለመሸሽ ሰፈሩ መጨረሻ ላይ ካለች ሻይ ቤት መዋል ጀመረች። እዚያ ቁጭ ብላ ሥራዎቿን የሰበሰበችበትን ድረ ገጽ፣ ፖርትፎሊዮዋን፣ ትነካካለች። ትናንት ሰማያዊ ያደረገችውን ዛሬ አረንጓዴ ታደርጋለች። የሰው ሥራ በሳምንት የምትጨርስ ሴት የራሷን መጨረስ አቃታት።

በሙያዋ አንድ ደንብ አለ። የሠሩትን ገጽ ለማያውቀው ሰው ይሰጡና አጠገቡ ተቀምጠው ያዩታል። ወዴት እንደሚሄድ አይነግሩትም፣ ሲጠፋበትም አይረዱትም። ዝም ነው። ለድርጅቶች ስንት ጊዜ ያደረገችውን ይህን ፈተና ለራሷ ሥራ አድርጋው እንደማታውቅ አንድ ቀን ትዝ አላት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጎኗ ካለው ጠረጴዛ ብቻውን ሻይ ይዞ ለተቀመጠው ሰው ላፕቶፗን አዞረችለት።

«ይቅርታ፣ ትንሽ ያግዙኛል? ሥራዬን የማያውቅ ሰው ፈልጌ ነው።»

«ካላበላሸሁብዎት» አላት። የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ የሰበሰበ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር።

ጣቱ ወደ ታች ወረደ። ቆሞ አየ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። በጋራ ፎቶ ውስጥ የሚያውቀውን ሰው የሚፈልግ ይመስል ነበር። እሷ «እሱን ይጫኑት፣ እዚያ ጋ ነው» ላለማለት ከንፈሯን ነከሰች። በመጨረሻ ዓይኑን ከስክሪኑ ነቅሎ እሷን አየ፤ ለማያውቋት ሴት ከሚገባው በላይም ቆየ።

«ሁሉም ያምራል። እርስዎ ግን የትኛው ላይ ነዎት?»

ላፕቶፑን ወደ ራሷ መለሰችው። እዚያ የደረደረችው ሁሉ ያለቀለትና የተወለወለ ነው። ምኑ ጋ እንደተሳሳተች፣ ምን አፍርሳ ምን እንደሠራች የሚል አንድ ቃል የለም። ማንም ሊሠራው ይችል ነበር። ያልጠሯት ሰዎች ምን እንዳዩ ያን ጊዜ ገባት።

ሰውየው የመኪና አሰልጣኝ ነው። ደንቧን ስትነግረው ሳቀ፤ ይሄማ የኔም ሥራ ነው አላት። መኪናው ውስጥ እሱ በሚቀመጥበት በኩል፣ እግሩ ሥር ሌላ ፍሬን አለ። የሚረግጠው ትልቅ አደጋ ሲመጣ ብቻ ነው። እስከዚያ ተማሪው እያላበው ራሱ ይማራል። ተማሪዎቹ «ጋሽ ዝምታ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

«ዝም አይነቅዝም» አለና ሻዩን ጨረሰ።

ከዚያ ወዲያ በተማሪዎቹ መካከል ክፍት ሰዓት ባገኘ ቁጥር ወደ ሻይ ቤቷ ብቅ ይላል። «እርስዎ» ሳይታወቃቸው «አንተ»ና «አንቺ» ሆነ። እሷም ከፖርትፎሊዮዋ አብዛኛውን አውጥታ ጣለች። ካስቀረቻቸው ጥቂቶች ፊት ያመጣችው የከሸፈባትን ሥራ ነው። የሐኪም ቤት ወረፋ ማስያዣ ነበር፤ ቁልፉ ከማነሱ የተነሳ አዛውንቶች ሊጫኑት ያልቻሉት። ሐኪም ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ከእነሱ ጋር ስንት ጠዋት ተቀምጣ እንዳየች፣ ከዚያም እንዴት አፍርሳ እንደሠራችው ጻፈች።

ማታ ማታ ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ መንዳት ያስተምራታል። ጉልበቷ ፍሪሲዮኑ ላይ ይዘላል፤ እሱ ዝም ይላል። ማርሽ ስትቀይር እጁ እጇን ነካ፤ ሁለቱም ለማንሳት አልቸኮሉም። ያን ምሽት ስለ ሥራ ሲያወሩ እንዲህ አለችው፤ «በሰው ትከሻ ተንጠላጥዬ አልገባም። ከጠሩኝ ለሥራዬ ይጥሩኝ።» ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ስልኳ ጮኸ። ትልቅ ድርጅት ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ፈልገዋታል። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊ ማን እንደሆነች ከድርጅቱ ገጽ ላይ ፈልጋ ፎቶዋን አየች። ከዚያ ለእሱ ለመንገር ሮጠች። ሻይ ቤቷ ጥግ ስትደርስ ከማሰልጠኛ መኪናው ያቺው የፎቶዋ ሴት ስትወርድ አየችና በቁሟ ደረቀች።

ሴትዮዋ እስክትርቅ ጠበቀች።

«ለቃለ መጠይቅ የጠራኝ ድርጅት ኃላፊ ናት። ተማሪህ ናት?»

«ናት።»

«ስለኔ ነገርካታል?»

«ኧረ በፍጹም። ስምሽን አንስቼ አላውቅም።»

ትንፋሿ መለስ አለ። ለሥራዋ ነው የጠሯት። ደስታው ግን ሳይውል ሳያድር፣ እዚያው ቆማ ሌላ ነገር ሆነባት።

«ማስተማር የጀመርካት መቼ ነው?»

«ካንቺ ጋር ሳንተዋወቅ።»

«እና ምን እንደምትሠራ እያወቅህ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስንገላታ እያየህ አንዲት ቃል አልተነፈስክም?»

ሰውየው ግራ ገባው። «አንቺ አይደለሽ እንዴ በሰው ትከሻ አልገባም ያልሽው? ብናገር ትቀየሚኝ ነበር።»

«እቀየምህ ነበር። አሁንም ተቀይሜሃለሁ።»

የምትለው እርስ በርሱ እንደሚጋጭ ራሷም ታውቃለች። የቆረቆራት ግን የሥራው ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አጎቷ ዘንድ ልትሄድ እንደምትችል የነገረችው ቀን ብርጭቆውን አዟዙሮ «አንቺ የምታውቂው ነው» ብቻ ነበር ያላት። እንድትቀር የምትፈልገው እሷ ብቻ ከሆነች፣ እንዲህ ዓይነቱን ሰው መውደድ ምን ይባላል?

ቃለ መጠይቁ ላይ ኃላፊዋ ስለሚያምሩት ሥራዎች አንድም ነገር አልጠየቀቻትም። የጠየቀቻት ስለ ከሸፈው ወረፋ ማስያዣ ነው። ቁንጥንጧ ስለ አዛውንቶቹ ስታወራ ራሷን ረስታ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች። «በሚቀጥለው ሳምንት እናሳውቅሻለን» ብለው ሸኟት።

የሚቀጥለው ሳምንት ከወሩ ማዶ ነው። እትዬ ደግሞ ቃል ቃል ነው አለች፤ አጎታቸውን አስቸግራ ያገኘችው ቦታ ነው፣ ሰዎቹ ከጠሯት ያኔ ትመለሳለች። ቁንጥንጧ ሻንጣ ይዞ የወጣ ሰው በቀላሉ እንደማይመለስ ታውቅ ነበር። ሆኖም ቅሪ ያላት ሰው ስላልነበረ ትኬቷን ቆረጠች።

ቀኑን በመልእክት ነግራው ስለነበር፣ በጉዞዋ ዕለት አሰልጣኙ ሊሸኛት መኪናውን ይዞ መጣ። ሻንጣዋን ከኋላ ጫነና ቁልፉን ሰጣት።

«አንቺ ንጂ።»

ነዳች። ጉልበቷ ዛሬ አልዘለለም። በየመብራቱ ሰረቅ እያደረገች ታየዋለች፤ እሱ መንገዱን ያያል። የሆነ ነገር ተናገር፣ አለችው በሆዷ። መናኸሪያው በግራ ነው። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ፍሬቻ አሳየችና መሪውን ልታዞር ስትል መኪናው ቀጥ አለ። ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ያሉት ጡሩንባ ለቀቁባቸው።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ደንግጣ።

«ምንም።»

ዝቅ ብላ እግሩን አየች። ፍሬኑ ላይ ነበር።

«አትሂጂ» አለ። «ሥራውን ታገኚያለሽ ብዬ አይደለም። ብታገኚም ባታገኚም አትሂጂ። እወድሻለሁ።»

ስንት ቀን የጠበቀችው ቃል መጥቶ ምን እንደምታደርገው ጠፋት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አፏ ግን ልማዱን አልተወም።

«ዝም አይነቅዝም ስትል አልነበር?»

«ነቀዘብኝ።»

«ለእትዬስ ምን ልላት ነው?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

ይህ ሰው እትዬ ፊት ቆሞ ሲናገር በዓይነ ልቦናዋ መጣባትና ሳቋ አመለጣት። ጡሩንባው በርትቷል። በዚህ መሃል ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ መጮህ ጀመረ።

«ስልክሽ ነው» አላት።

«ይጩህ» አለችና ሞተሩን አስነስታ ፍሬቻውን ወደ ቀኝ ገለበጠችው። አሰልጣኙም ቀስ ብሎ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ።