ሰማያዊዋ ጀልባ

በእኛ ወደብ ጀልባውን ሰማያዊ የሚቀባ ሰው የለም። ባሕሩ እሱን የመሰለውን ሁሉ የራሴ ነው ብሎ ይወስዳል ይባላል። እኔ ግን አቅሜ የፈቀደልኝ እሷን ብቻ ስለነበር ገዛኋት፤ እልኸኛም ስለሆንኩ ቀለሟን ሳልነካ ተውኳት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሎብስተር የተባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የማጠምድባቸው ወጥመዶቼ ባዶ ወጡ። ስመለስ ገመዴን የሚቀበለኝ ሰው እንኳ ጠፋ። ዘልዬ ወርጄ ጀልባዋን ራሴው አስር ነበር።

«ነጭ ቀቢያት፣ ታቪያ» አለኝ የወደባችን ልጅ ኮልቢ። ዓይኔን ሽሽት ጓንቱን ነበር የሚያየው። «ነገውኑ አብሬሽ እወጣለሁ። አባቴ፣ ሰማያዊ ጀልባ የረገጠ ልጅ ቤቴን አይረግጥም ብሏል።»

«ዕድል በቀለም ቢሆን ኖሮ ቀለም ሻጩ ሁላችንንም ይገዛን ነበር።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እወደዋለሁ፤ ግን እሱን ላገኝ ብዬ ለወሬኛ ብንበረከክ ራሴን እጠላለሁ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ጎህ ሳይቀድ እወጣለሁ፤ ወጥመዶቹን ከጥልቁ ወደ አለቱ፣ ከአለቱ ወደ ጭቃው አዛውራለሁ። ኮልቢንም ወደብ ላይ ባየሁት ቁጥር ፊቴን ወደ ገመዴ አዙሬ አልፋለሁ።

በአርባኛው ቀን ወጥመዶቹ እጄን ሊገነጥሉ ደረሱ። ሁሉም ሙሉ ነበሩ!

«ዕድል ነው» አለ ወደቡ።

እውነቱን ልናገር፣ ያን ቦታ የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ዋዜማውን ነፋስ ገፍቶ ወሰደኝና ወጥመዶቹን እዚያው ጣልኩ። ግን በየቀኑ ባልወጣ ኖሮ ነፋሱ ማንን ይገፋ ነበር?

በማግስቱ ኮልቢ ጓንቱን አጥልቆ መጣ።

«አልቀባኋትም» አልኩት።

«አይቻለሁ። አርባ ጠዋት ከመስኮቴ ሳይሽ ነበር። እስክትመለሺ ቁርስ አይወርድልኝም።»

«ታዲያ ትናንት ስለሞላልኝ ነው ዛሬ የመጣኸው?»

ፊቱ ቀላ። «ሳይሞላልሽ መምጣት ነበረብኝ። ፈሪ ነበርኩ፣ ታቪያ።»

ጀልባዋ ላይ ቦታ ለቀቅኩለት፤ ገባ።

ከሰዓት ስንመለስ አባቱ ሜርል እጁን አጣጥፎ ወደቡ ላይ ቆሟል። ኮልቢ ገመዱን ይዞ አመነታ። ገመዱን ቀምቼው ወደ አባቱ ወረወርኩት።

ሽማግሌው ቀለበው።

«ቀለሙ ያው አስቀያሚ ነው» አለ አጥብቆ እያሰረ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረ። «ሾርባው እየበረደ ነው። ሁለታችሁም ቶሎ ኑ።»